ክሎናዜፓምን ከ11 ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ እየተውኩ ነው፤ ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ

የኮተቤዋ — ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቷል። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸውን ነገር እያዳመጥኩ ነው። እንደ ፌንጣ ነው ድምፁ። ቀን ቀን የመንገዱ ጫጫታ ይሸፍነዋል፤ ሌሊት ግን እኔና እሱ ብቻችንን እንቀራለን።

ኪኒኑን የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ወር ታክሲ ውስጥ እያለሁ ልቤ ድንገት መደለቅ ጀመረች፤ እጄ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ‹‹ወራጅ አለ!›› ብዬ ጮኼ አስፋልት ዳር ተቀመጥኩ። ልቤ ተመረመረ፣ ምንም የለውም ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ያየኝ ሐኪም ማታ ማታ ግማሽ ሚሊግራም ክሎናዜፓም የሚባል ጭንቀት የሚያበርድ ኪኒን አዘዘልኝና ‹‹ለሁለት ሳምንት ውሰጂና እናየዋለን›› አለኝ። ያኔ መድኃኒቱ ከጭንቅ አውጥቶኛል፤ ይህን አልክድም። በቀጠሮዬ ቀን ግን ያገኘሁት ሌላ ሐኪም ነበር። እሱ ያንኑ ማዘዣ ገልብጦ ሰጠኝ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው አደረገ። ‹‹እስከ መቼ?›› ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ግማሹ አንድ ሆነ፣ አንዱ ሁለት ሚሊግራም ሆነ፣ ዓመታት ሄዱ።

በ2013 ዓ.ም. ለፍልሰታ ሱባዔ ልግባ ብዬ በአንድ ቀን አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን የአልጋ ልብሱ ቆዳዬን ይለበልበኝ ጀመር። አራት ሌሊት እንቅልፍ ባጠገቤ አላለፈም። የሰው ንግግር፣ የድስት ክዳን፣ የመስኮት ብርሃን፣ ሁሉም ነገር ራሴ ውስጥ የሚፈነዳ ይመስለኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ወደ ኪኒኑ ተመለስኩና ‹‹በሽታዬ አልዳነም፤ እኔ ያለ መድኃኒት የምኖር ሰው አይደለሁም›› ብዬ ደመደምኩ። አዲሷ ሐኪሜ እስክትነግረኝ ድረስ ያየሁት በሽታዬን ሳይሆን የመድኃኒቱን ድንገተኛ መቋረጥ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ከእሷ ጋር መቀነስ የጀመርነው በጥር 2017 ነው። ከ2 ወደ 1.75፣ ከዚያ ወደ 1.5፣ አሁን ወደ 1.25። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ከጥቂት ቀናት ማቃሰት በስተቀር አልፈዋል። ይህኛው ግን ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ አልለቅ ብሎኛል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በድንጋጤ እነቃለሁ። ጠዋት ቡና ሳቀርብ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ይንጫጫሉ፤ እናቴ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ያለፋችሁበት ሰዎች ካላችሁ፦ ይህ ስንት ጊዜ ይቆያል? የሌሊቱን መንቃት በምን ቻላችሁት? ትንሿን ኪኒን እንዴት ነው የምትቆርጡት? እኔ በምላጭ ስቆርጣት ግማሹ ዱቄት ይሆናል።

ነርሷ ከሜሪላንድ — ኅዳር 5

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ አሜሪካ ውስጥ በነርስነት ከሠራሁ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ያሳለፍኩት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ሐኪምሽ እኔ ስላልሆንኩ የምጽፈውን ለእሷ አሳያት እንጂ ብቻሽን አትወስኚበት።

ቁጥሮችሽን ሳይ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በእያንዳንዱ ደረጃ የቀነስሽው 0.25 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ እኩል እየወረድሽ ይመስልሻል። ግን አይደለም። ከ2 ላይ 0.25 ማንሳት 12.5 በመቶ ነው። ከ1.5 ላይ ያንኑ 0.25 ስታነሺ ወደ 17 በመቶ ይጠጋል። አንጎል የሚሰማው ይህን ድርሻ ነው። የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው መመሪያ መነሻውን በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ አድርጎታል፤ በማንኛውም 2 ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ መቀነስ እንደማይገባም ይናገራል። ያውም ሰውየው ከከበደው ባለበት ይቆማል፣ ወይም እርምጃው ያጥራል። ስለዚህ ይህኛው ደረጃ ከፊተኞቹ ቢብስብሽ የአንቺ ድክመት አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው የከበደው። ሐኪምሽን ‹‹እዚህ ላይ ልቆይ? ቀጣዩንስ በ0.125 እናድርገው?›› ብለሽ ጠይቂያት።

የሚሰማሽ ነገር ከምን እንደሆነም ልንገርሽ። አንጎላችን ውስጥ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው የነርቮችን ግርግር ማብረድ ነው። ክሎናዜፓም፣ ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም የሚባሉት ሁሉ ቤንዞዲያዜፒን የሚባል አንድ የመድኃኒት ቤተሰብ ናቸው፤ የጋባን ጉልበት ያበረታሉ። አንጎል ደግሞ ለዓመታት ከውጭ ሲታገዝ የራሱን ማብረጃ እየቀነሰ ራሱን ያመቻቻል። እርዳታው ሲነሳ ግርግሩ ያለ ልጓም ይቀራል። የጆሮ ጩኸቱ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻሉ፣ የቆዳው መለብለብ፣ የጡንቻ መወጠር፣ ላብና መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው። አባትሽ በሞቱ ጊዜ የታመምሽው ሕመም ውስጥ የጆሮ ጩኸትና የቆዳ መለብለብ ነበሩ? ካልነበሩ፣ ዛሬ የመጡት ከመጠኑ መቀነስ ጋር ነው ብለሽ ብታስቢ አትሳሳቺም። መጠኑ በተቀነሰ በቀናት ውስጥ መምጣታቸውና እየቆዩ መርገባቸውም ሌላው ምልክት ነው።

ስንት ጊዜ ይቆያል ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰው ከሰው በጣም ይለያያል። ብዙዎች ላይ እንደ ማዕበል ነው፤ ጥሩ ቀናት ይመጣሉ፣ ከዚያ ያለ ምክንያት የሚመስል መጥፎ ቀን ይመጣል። መጥፎው ቀን ተመለሰ ማለት ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም፦ መንዘፍዘፍ ወይም ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከባሕር ዳር — ኅዳር 5

ነርሷ ‹‹መንዘፍዘፍ›› ያለችውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ የምወስደው አልፕራዞላም ነበር፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነበር የሚልክልኝ። በቀን 3 ጊዜ እወስድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ጸበል ልጠመቅ ስሄድ ‹‹እምነቴ ሙሉ ይሁን›› ብዬ ኪኒኖቹን በሙሉ መንገድ ላይ ወረወርኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የወደቀ የነጠላ ጥለት ነው። ወድቄ ተንዘፍዝፌያለሁ፣ ምላሴን ነክሻለሁ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች እንደመሰላቸው ገመቱ፤ አንዳንዶቹ ‹‹ለፈለፈ›› ብለው ደስ ሳይላቸው አልቀረም። የዳንኩት በአንድ አባት ነው። ጠጋ ብለው ‹‹ልጄ፣ የምትወስደው መድኃኒት ነበር?›› ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ‹‹ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፤ አንዱን በአንዱ አትምታው›› አሉኝና በሰው አስይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ላኩኝ።

ከዚያ በኋላ በሐኪም ክትትል ለመጨረስ 19 ወር ፈጅቶብኛል። ጸበሌንም አልተውኩም። የኮተቤዋ፣ አንቺ በፍልሰታ ያደረግሽውን ሳነብ ሰውነቴ ውርር አለኝ፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈሽ።

ልጇ — ኅዳር 7

እኔ ለራሴ ሳይሆን ለእናቴ ነው የምጠይቀው። ዕድሜዋ 71 ነው። ለእንቅልፍ ተብሎ የተሰጣትን ዲያዜፓም 10 ሚሊግራም ከ15 ዓመት በላይ ስትወስድ ኖራለች። ሰፈር ውስጥ ያለው መድኃኒት ቤት ስለሚያውቃት ያለ አዲስ ማዘዣ ይሰጣታል። ባለፈው ወር ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተረፈ፣ የእጅ አንጓዋ ግን ተሰበረ። ነገር መርሳትም ጀምራለች። እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። ይህን ስታወሩ ሳነብ ኪኒኑ ይሆን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ከዛሬ ጀምሮ ልከልክላት?

ፋርማሲስቱ — ኅዳር 7

አይከልክሏት! በመጀመሪያ ይህን ልበል፤ የቀረውን ቀጥዬ እጽፋለሁ።

ዲያዜፓም ሰውነት ውስጥ ረጅም የሚቆይ መድኃኒት ነው። ጉበት ሲሰባብረው የሚወጣው ተረፉም ራሱን ችሎ ይሠራል፤ ያ ደግሞ ለቀናት ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ጉበት ይዘገያልና ዛሬ የተዋጠው ከትናንቱና ከትናንት በስቲያው ላይ ይደረባል። ቀን ላይ መደንዘዝ፣ ሚዛን ማጣት፣ መውደቅ፣ መርሳት ሊያመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች ሐኪሞች እንዲያስወግዷቸው ከሚመክራቸው መድኃኒቶች መካከል ይህ ቤተሰብ አለበት። ስለዚህ ጥርጣሬዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። የመርሳቱ ሌላ ምክንያት እንዳይኖርም መመርመር አለባቸው።

ግን 15 ዓመት የለመደ ሰውነት በአንድ ሌሊት ቢነጠቅ ከመውደቁ የባሰ ነገር ሊመጣ ይችላል። ባለ 2 እና ባለ 5 ሚሊግራም የዲያዜፓም ኪኒን ስላለ ቀስ ብሎ ለመውረድ ከብዙዎቹ ይልቅ የተመቸ ነው። ለሐኪም ያሳዩአቸው፤ የሚወስዱትን ሁሉ፣ የደም ግፊቱንም የሕመም ማስታገሻውንም፣ በከረጢት ይዘው ይሂዱ። እስከዚያው ድረስ ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን መንገድ መብራት ያድርጉበት፣ ምንጣፉን ያንሱ።

ስለ መድኃኒት ቤቱ፦ እነዚህ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ብቻ መሰጠት ያለባቸው ናቸው። የሙያ ባልደረባዬ ለእናትዎ ደግ የሆነላቸው መስሎት ይሆናል፤ ይህ ደግነት ግን አንድ ሰው እንኳ ‹‹እስከ መቼ?›› ብሎ ሳይጠይቃቸው 15 ዓመት እንዲያልፍ አድርጓል። በጣም ያሳዝነኛል። የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ እነዚህ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ብቻ እንዲታዘዙ ያሳሰበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚሁ ቤተሰብ ሊብሪየም እ.ኤ.አ. በ1960፣ ቫሊየም (የዲያዜፓም የንግድ ስም) በ1963 ገበያ ላይ ሲውሉ ባርቢቹሬት ከሚባሉት ከበፊቶቹ ማስተኛ መድኃኒቶች ይልቅ ደኅና ናቸው ተብሎ ነበር፤ ከመጠን በላይ ሲወሰዱ በመግደል ረገድ እውነትም የተሻሉ ነበሩ። ሰውነትን ማስለመዳቸው ግን ዘግይቶ ነው በደንብ የታየው። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 እነዚህን መድኃኒቶች የማስተዊያ ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን በሽተኞቻቸውን አዳምጠው የጻፉት ለዛሬው ቀስ በቀስ መውረድ ትልቅ መሠረት ሆኗል።

የኮተቤዋ፣ ስለ መቁረጡ፦ ምላጭ ይተዉት። በመድኃኒት መሸጫዎች የኪኒን መቁረጫ ትንሽ ሳጥን ይገኛል። ባለ 2 ሚሊግራሙን ለአራትና ለስምንት ከመክፈል ባለ 0.5 ሚሊግራሙን ያሳዝዙ፤ ሩቡ 0.125 ነው። ሲቆርጡት አንዱ ሩብ ትንሽ ቢተልቅ አይጨነቁ፤ ክሎናዜፓም ሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ የዛሬና የነገው ይካካሳል። የአንድ ሳምንቱን በአንዴ ቆርጠው አያስቀምጡ፤ ይረግፋል።

ወደ ዲያዜፓም መቀየርን የሚያስብ ካለ ደግሞ፦ 0.5 ሚሊግራም ክሎናዜፓም በግምት ከ10 ሚሊግራም ዲያዜፓም ጋር ይመጣጠናል። ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። መቀየር ካስፈለገ ሐኪም ደረጃ በደረጃ ያደርገዋል። ማንም ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ቤቱ ውስጥ እንዳይቀይር እለምናችኋለሁ።

ቆራጥ — ኅዳር 9

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን አካበዳችሁት። ሱስ ሱስ ነው። እኔ ሲጋራ 18 ዓመት አጭሼ በአንድ ቀን ትቻለሁ። ሰው ከቆረጠ የማይተወው ነገር የለም። ወራት፣ ሩብ ሚሊግራም እያላችሁ ራሳችሁን ታስታምማላችሁ።

ከባሕር ዳር — ኅዳር 9

ወንድሜ፣ ሲጋራ መተውህ ትልቅ ነገር ነው፤ አከብርሃለሁ። ግን ሲጋራን በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቆጣል፤ አይንዘፈዘፍም። ድንገት ሲቋረጡ ሰው ሊገድሉ ከሚችሉት ውስጥ መጠጥና እነዚህ ኪኒኖች ይገኙበታል። እኔም እንደ አንተ ቆራጥ ነበርኩ፤ የቆረጥኩበትን ጠዋት ከላይ ጽፌዋለሁ።

‹‹ሱስ›› ስላልከው ደግሞ፤ ሐኪም ያዘዘውን በታዘዘው ልክ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ለምዶ ይሆናል። መልመድና ሱሰኝነት አንድ አይደሉም። እናቶቻችንን ሱሰኛ ልንላቸው ነው?

ነርሷ ከሜሪላንድ — ኅዳር 10

በዚህ ጉዳይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ መድኃኒቶች በሙሉ በመግለጫቸው ላይ በጥቁር ሣጥን የሚጻፈውን ማስጠንቀቂያ አሻሽሏል። በታዘዘው መሠረት ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ያለማቋረጥ የተወሰዱ እንኳ ሰውነትን ሊያስለምዱ እንደሚችሉ፣ ድንገት ማቋረጥ ወይም ቶሎ መቀነስም ለሕይወት የሚያሰጋ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ነገሩ ከቆራጥነት ጋር አይገናኝም።

ቆራጥ — ኅዳር 11

ትናንት የጻፋችሁትን ደጋግሜ ሳነብ አደርኩ። እውነቱን ልናገር። ታናሽ እህቴ ይህንኑ ኪኒን ትወስዳለች። ለእሷ ብዬ ባለፈው ሰኞ ደብቄባት ነበር። ሦስት ቀን ሆኗት ነበር፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ ‹‹ይወጣልሻል›› እያልኳት ነበር። ሌሊቱን ተነስቼ መልሼ ሰጠኋት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አሁን ምን ላድርግ?

ነርሷ ከሜሪላንድ — ኅዳር 11

መልሰህ መስጠትህ ትክክል ነው፤ ተባረክ። አሁን ዛሬውኑ ያዘዘላትን ሐኪም አግኙት፤ ሦስት ቀን እንደተቋረጠባትና ከስንት ሚሊግራም እንደጀመረች ንገሩት። ብቻዋን አትተኛ። የመድኃኒቷ ጠባቂ አንተ ሳትሆን እሷ ትሁን፤ አንተ አጃቢ ሁንላት። ይቅርታ ጠይቀሃታል?

ቆራጥ — ኅዳር 12

ጠይቄያታለሁ። ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን።

ያልተውኩት — ኅዳር 15

እኔ ደግሞ የምለው ይኖረኛል። ክሎናዜፓም የምወስደው ለሚጥል በሽታ ነው። ሰው ይህን ዓይነት ውይይት አንብቦ ይመጣና ‹‹አንቺስ መቼ ነው የምትተዪው?›› ይለኛል። ሁሉም ሰው መተው የለበትም። ለምን እንደምንወስደው የምናውቀው እኛና ሐኪማችን ነን። ይህን ብቻ ለማለት ነው።

የኮተቤዋ — ኅዳር 17

እህቴ ያልተውኩት፣ ልክ ነሽ፤ ርእሱን ስጽፍ አንቺን አላሰብኩም ነበር።

ሐኪሜ ጋ ሄጄ ነበር። የነርሷን ሒሳብ ጽፌ ይዤ ገባሁ፤ አየችውና ራሷን ነቀነቀች፣ ‹‹እኔም ማየት ነበረብኝ›› አለችኝ። ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። 1.25 ላይ ቢያንስ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እንድቆይ ተስማማን። ከዚያ በኋላ በ0.125 ነው። ፋርማሲስቱ፣ መቁረጫዋን ገዝቻለሁ። ትንሽ ሰማያዊ ሳጥን ናት፤ ክዳኗን ሲጫኑት ‹‹ቀጭ›› ትላለች፤ ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጬ ነው የምቆርጠው፣ ፍርፋሪውም እንዳይጠፋ። ማታ ማታ ይህች ‹‹ቀጭ›› የምትለው ድምፅ የደስታ ትሆነኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቡናውንም አንስታብኛለች። ማለት፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን። እኔ እኮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጨርሼ ማታ ደግሞ እጨምር ነበር። ጭንቀት የሚያባብስ ነገር ጠጥቼ ጭንቀት የሚያበርድ ኪኒን ስውጥ 11 ዓመት ኖርኩ። አሁን ጠዋት አቦል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታቱ ከባድ ነበር፤ በአንዴ ሳይሆን በሲኒ በሲኒ ቀንሱት።

የሌሊቱን መንቃት በተመለከተ የሠራልኝ አልጋ ውስጥ አለመታገል ነው። ከነቃሁና ልቤ ከደለቀ እነሳለሁ፤ ሰዓት አላይም፣ ስልክ አልነካም። ሳሎን ተቀምጬ በአፍንጫዬ እስከ አራት እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ በአፌ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። አንዳንዴ መዝሙረ ዳዊት አነባለሁ፤ ካህን እንደሚያነበው ሳይሆን ቀስ ብዬ፣ በአንድ መስመር አንድ ትንፋሽ። እንቅልፍ ሲመጣ ወደ አልጋ። ካልመጣም አልሞትኩም፤ በማግስቱ ሥራ ገብቻለሁ።

ኑሪያ — ታኅሣሥ 8

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ለእረፍት መጥቼ ድንገተኛ ድንጋጤ ሲይዘኝ አልፕራዞላም 0.5 በቀን 3 ጊዜ ታዘዘልኝ፤ አሁን አራተኛ ወሬ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከአንዱ ኪኒን እስከ ሌላው ባለው ጊዜ መሀል ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምረኛል፤ በሽታዬ እየባሰ ነው? ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ወር ስመለስ የሦስት ወሩን ይዤ ልሂድ? ረመዳንም እየመጣ ነው፤ ቀን ላይ ያለውን ልዝለለው ወይ?

ፋርማሲስቱ — ታኅሣሥ 8

ወዐለይኩም ሰላም። አልፕራዞላም ከክሎናዜፓም በተለየ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፤ በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ ግማሹ ይሄዳል። የሚንቀጠቀጡት በሽታው ብሶ ሳይሆን መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲያንስ ሊሆን ይችላል። መልሱ መጠኑን በራስ መጨመር አይደለም፤ ለሐኪምዎ በሰዓት ጽፈው ያሳዩ።

ስለ ጉዞው እጅግ ይጠንቀቁ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እነዚህ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ማዘዣ ኪስ ውስጥ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ከመግባትዎ በፊት በአገሪቱ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት ፈቃድ መጠየቅ አለብዎ። የሐኪም ማዘዣውንና የሕክምና ማስረጃውን በእንግሊዝኛ ያስጽፉ፤ ኪኒኑ ከነማሸጊያው ይሁን። የሌላ ሰው መድኃኒት አደራ ተብለው እንዳይቀበሉ። ‹‹አሠሪዬ ታውቃለች›› ማለት አያድንም። ፈቃዱ ይዘገያል ብለው ደግሞ እዚህ ጥለውት እንዳይሄዱ፤ ሁለቱም አደጋ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ይጀምሩ።

ለረመዳን አይዝለሉ። አልፕራዞላምን መዝለል ማለት በየቀኑ ትንሽ ማቋረጥ ማለት ነው። ሐኪምዎ ለኢፍጣርና ለሱሑር የሚመች ሰዓት ወይም ረዘም ብሎ የሚቆይ መድኃኒት ሊፈልጉልዎ ይችላሉ። ካልሆነም የታመመ ሰው በኋላ ቀዳ ማውጣት (ያለፈውን ጾም መተካት) እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ኑሪያ — ታኅሣሥ 9

ጀዛከላህ ኸይር። አደራ የተባልኩት ነበረ፤ መለስኩት።

ልጇ — ጥር 14

እናቴ ከ10 ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 7 ወርዳለች። ከጥምቀት ዋዜማ ጀምሮ ለከተራ የለበሰችውን ቀሚስ አላወለቀችም፤ ታቦት ስትሸኝ ከእኛ እኩል ቆማ ነበር። የአክስቴን ልጆች በስማቸው ጠራቻቸው፤ አምና ስታምታታቸው ነበር። ሌሊቱ ገና ይከብዳታል፣ ‹‹እንቅልፌን ሰረቃችሁኝ›› ትለኛለች። ፋርማሲስቱ ያሉትን መብራት አድርጌያለሁ።

የኮተቤዋ — የካቲት 6

ሁለት ጾሞች በአንድ ሳምንት ሊገቡ ስለሆነ ከዐቢይ ጾም በፊት ልጻፍ ብዬ ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የማታውን መድኃኒት ከምግብ ጋር በሰዓቱ እንድወስድ፣ ሰውነቴ ሲከብደኝ እስከ 9 ሰዓት እንዳልጠብቅ ፈቀዱልኝ። ‹‹ይህም ጾም ነው›› አሉኝ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 1.125፣ በጥር መጨረሻ ወደ 1 ሚሊግራም ወርጃለሁ። ከጀመርኩበት ግማሹ። ከ1.125 ስወርድ አምስት ቀን ከባድ ነበሩ፤ የጡንቻ መወጠርና ማልቀስ። ስድስተኛው ቀን ላይ ለቀቀኝ። የኅዳሩ ማዕበል ግን አልመጣም። ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል፤ ቀንሷል፤ ከፌንጣ ወደ ትንኝ ወርዷል።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቶች መጥተው ቡና አፈላሁ፤ ለአምስት ሰው። ጀበናውን አንስቼ ስቀዳ እናቴ እጄን ስታይ አየኋት። ሲኒዎቹ አልተንጫጩም። ምንም አላለችም፤ ሰዎቹ ሲወጡ ግን ረከቦቱን ራሷ አንስታ ወጥ ቤት ወሰደችው፣ ‹‹አንቺ ተቀመጪ›› ብላ።

ቀጣዩ ቀጠሮዬ መጋቢት 3 ነው። ቆራጥ፣ እህትህ እንዴት ናት? ኑሪያ፣ ፈቃዱ ደረሰሽ ወይ?